እርጥብ ቆርቆሮ

ባለፈው ቅዳሜ ዲላ፣ የአክስቴ የልጅ ልጅ ለእህቱ ሰርግ ዝናብ ባረጠበው የቆርቆሮ አጥር ላይ ርካሽ የጌጥ መብራት ዘርግቶ ሲያበራ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ሽታው ወደ ልጅነቴ መለሰኝ።

ያን ጊዜም ሰርግ ነበር። አክስቴ ባለቀለም አምፖሎች በቆርቆሮው ግድግዳ ላይ አሰቅላ፣ የተቀጠለውን ሽቦ በፌስታል አስጠቅልላ ነበር። ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እንደ ሠራተኛ ያሠራችኝም። እርጥብ አንሶላ ላሰጣ በባዶ እግሬ ሄጄ፣ ከቆርቆሮው ጋር የታሰረውን የልብስ ማስጫ ሽቦ ስነካ ክንዴ እስከ ትከሻዬ ተንቀጠቀጠ።

"ነዘረኝ" አልኳት።

"አንቺን ሥራ ሲሉሽ የማይነዝርሽ ምን አለ?" አለች። እንግዶቹ ሳቁ። "ተመለሺና አስጪ።"

ይርጋጨፌ ቡና መፈልፈያ ውስጥ የሞተር ሠራተኛ የነበሩት ሽማግሌ ጎረቤታችን ቀደሙኝ። የእጃቸውን ጀርባ ሽቦው ላይ ነካ አድርገው ወዲያው መለሱት።

"በመዳፍሽ እንዳትነኪ ልጄ፤ መዳፍ ከጨበጠ አይለቅም" አሉኝ። ከዚያ መብራቱን ከሶኬቱ ነቀሉ።

አክስቴ "የልጄን ሰርግ አጨለመብኝ" ብላ ለዓመታት አላናገረቻቸውም። እኔንም አንድ ቀን እንኳ ይቅርታ አላለችኝም።

ቅዳሜ ዕለት፣ ዓይኗ የደከመው አክስቴ አጥሩን ልትደገፍ እጇን ዘረጋች። መዳፏ ክፍት ነበር። ቆሜ አየኋት፤ ምን ያህል እንደቆየሁ ለማንም አልናገርም።

"ቆርቆሮውን አትንኪ" አልኳት።

"አንቺ ዛሬም ይነዝርሻል?" ብላ ሳቀች።

እጇን ግን መለሰች።