የፐርፐንዲኩላርሊ ሥር

እዚህ ሀርጌሳ፣ 26 ጁን ሰፈር፣ ከምከራየው ቤት ፊት ለፊት ፎቅ እየተሠራ ነው። ዛሬ ጠዋት መሐንዲሱ ግንበኞቹን፣ ያገሬን ልጆች፣ «ፐርፐንዲኩላርሊ!» እያለ ሲጮህባቸው ሻዩ ትን አለኝና የድሬዳዋው ግድግዳችን ከነአቧራው ፊቴ ተደቀነ።

አባቴ ግንበኛ ነበር፤ የከተማውን ግማሽ አቁሟል ብል ሌላውን ግማሽ ማን አቆመው ብላችሁ አታስጨንቁኝ። ለኛ የሠራት ግን አንዲት ክፍል ብቻ ነበረች፤ እሷም መሬቱ ሲሰምጥባት የመንገዱን ወሬ ለመስማት ይመስል ወደ ውጭ ማዘንበል ጀመረች። አባባ በየቀኑ ቱንቢውን፣ ያን ጫፉ ላይ ብረት የታሰረበትን ክር፣ አንጠልጥሎ ያይና ራሱን ይነቀንቃል።

መሠረቱን ቆፍሮ ሊደግፈው በተነሣ ቀን ጎረቤታችን የእንግሊዝኛ አስተማሪው ጋሽ ታደለ ደረሱ። ቃል ሲያገኙ እንደ ሸንኮራ ካልመጠጡ የማይለቁ ሰው ናቸውና፣ ፐርፐንዲኩላርሊ ማለት በቱንቢ ልክ ቀጥ ብሎ ማለት እንደሆነ፣ ላቲኖችም ቱንቢን ፐርፐንዲኩለም ይሉት እንደነበር ተነተኑልን፤ በመጨረሻም ግድግዳውን መታ መታ እያደረጉ «ሥሩ መስቀል ነው!» አሉ። ማንጠልጠል ማለታቸው ነበር።

እማዬ ግን እልልታውን አቀለጠችው።

ሳይመሽ ሰፈሩ በሙሉ ግድግዳችንን ሊሳለም ተሰለፈ። ጋሽ ታደለ «ኧረ እናንተ፣ የቃሉን ሥር ነው ያልኩት!» ቢሉ ማን ሰምቷቸው፤ እማዬ «ትሕትናዎ እኮ ነው» ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች። አባባ ዶማውን ሲያነሣ «አንተ ሰው፣ በመስቀል ላይ ዶማ!» ብላ መሠረቱ ላይ ተቀመጠች። «አንቺ ሴት፣ የቆፈርኩት እኔ፣ የቀበርኩት ድንጋይ!» ብሎ ማለ፤ ሰሚ አጣ። የማዘንበሉ ነገር ሲነሣም፣ እየሰገደ ነው ተባለ።

ሐምሌ ገባ። አንድ ከሰዓት፣ ዝናቡ እየወረደብን፣ ሁላችን ደጅ ቆመን እያየነው ግድግዳው ስግደቱን ጨርሶ ተዘረረ፤ ጣሪያውም ተከተለው። አባባ ሰው ሁሉ እያየው ቆፈረ፤ የወጣው የራሱ ድንጋይ ነው። እማዬ «ተሰወረ» አለች፤ እስከ ዕለተ ሞቷም ቃሏን አልለወጠችም። እሱም አልተከራከራትም፤ ብቻ ከዚያ ወዲያ የስንቱን ቤት ሲያቆም ለኛ ድንጋይ በድንጋይ ላይ አልጫነም።

እኔም ይኸው ጠጉሬ ሸብቶ በሰው ቤት አለሁ። በቀደም የአባባንና የእማዬን ፎቶዎች ልስቀል ብዬ አከራዬን ባስፈቅዳት «ወላሂ፣ ግድግዳዬን ሚስማር አይነካውም!» አለችኝ። አሁን ጠረጴዛው ላይ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ዘመም ብለው ተቀምጠዋል።