የጀነት ፎቶ ማሳመሪያ

ሰኪና ኩዌት ውስጥ ሱራ በሚባል ሰፈር የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ሠራተኛ ናት፤ እኔ ደስማ በሚባለው ሰፈር ነው የምሠራው። ዓርብ ፈቃድ ስናገኝ ኩዌት ሲቲ እንገናኛለን። ወሬ አታበዛም። «ከአጠገቤ ተነሥተሽ መሄድሽን የማውቀው ወንበሩ ሲቀዘቅዝ ነው» እያልኩ ላበሽቃት እሞክራለሁ፤ እሷ ግን ለመብሸቅ እንኳ ሰነፍ ናት።

አምና አንድ ቀን ባንኩ የሚልክላትን መልእክት አሳየችኝ። መዓሿ፣ ደመወዟ ማለት ነው፣ በገባ ሰሞን አንድ የማናውቀው የፈረንጅ ስም ከሒሳቧ ትንሽ ገንዘብ ይቆርጣል። ወር አይስትም። «ላም አለኝ በሰማይ ሆነብሽ» ብዬ ሳቅሁባት። «ማዳምሽን ጠይቂ» አልኳት እንጂ እኔም የማውቀው ነገር አልነበረም።

ማዳሟ ስሙን አንብባ «ይሄ ፎቶ የሚያሳምር የስልክ ፕሮግራም ነው። ካርድሽን ለማን ሰጥተሽ ነው?» አለቻት። ሰኪና ያኔ ጀነት ትዝ አለቻት።

ጀነት ከኮምቦልቻ አብራት የመጣች፣ ሱራ ውስጥ ጎረቤት ቤት ትሠራ የነበረች ጓደኛዋ ናት። እዚህ ያለን ሴቶች ፎቶ እንዲሁ ወደ አገር ቤት አንልክም። ጉንጫችንን እንሞላለን፣ ከዓይናችን ሥር ያለውን ጥቁረት እናጠፋለን፤ ከዚያ «ወፈርሽ፣ ተመስገን» ይሉናል። እናት እንቅልፍ እንዲወስዳት ነው። ጀነት ደመወዟን በእጇ ስለምትቀበል ካርድ አልነበራትም። ፕሮግራሙ «መጀመሪያ በነጻ ነው፣ ካርድ ብቻ አስገቢ» ሲላት የሰኪናን ተውሳ አስገባች። ያን ቀን ከንፈሯ አብጦ ነበር። ፎቶዋን አሳምራ ለእናቷ ላከችው። ብዙም ሳይቆይ ከምትሠራበት ቤት ወጣች፣ ስልኳ ተዘጋ። ያልጠየቅነው ሰው የለም፤ አየኋት የሚል ግን ጠፋ።

ማዳሟ በነገረቻት ቀን ሰኪና ደወለችልኝ። ስትስቅ የሰማኋት የዚያን ቀን ነው። «ጌጤ፣ ጀነት አለች። በየወሩ እየተጠቀመችበት ነው። ፎቶ እየተነሣች ነው።» እኔም አመንኩ። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ሰኪና ጊዜ ሳታጠፋ ለጀነት እናት ለእማማ ሃጀር ነገረቻቸው። እሳቸውም አልቅሰው አልቅሰው፣ ጎረቤት ጠርተው ዱዓ አስደረጉ፤ ያላቸውን አንድ ጠቦት አሳረዱ። ከዚያ ወዲህ ወር በመጣ ቁጥር ድምፃቸውን ይልካሉ፦ «የዚህ ወሩስ መጣ ልጄ?» ሰኪና «መጥቷል» ትላቸዋለች።

ዘንድሮ የሰኪና ስልክ መስታወቱ ተሰነጠቀና ሐምዛ ጋ ወሰድነው። ሐምዛ የአገራችን ልጅ ነው፣ ከተማ ስልክ ይጠግናል። ሰኪና መልእክቱን አሳየችውና «በዚህ ልጅቷ የት እንዳለች ማወቅ ይቻላል?» አለችው።

«የትኛዋ ልጅ?» አለ። ነገርነው። ካቻቪቴውን አስቀመጠ። «እህቴ፣ ይሄ እኮ ማንም ሳይነካው ራሱ ነው የሚቆርጠው። ካርዱ አንዴ ከገባ በቃ። ስልኩ ተዘግቶ መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥም ይቆርጣል።»

«ሰው ሳይኖርም?» አለች ሰኪና።

«ሰው ሳይኖርም።» ፊታችንን አየና አንገቱን ደፋ። «ባንክ ሄደሽ ካርዱን ብታስቀይሪው ይቆምልሻል።»

«ተወው፣ ይቁረጥ» አለችው። የመስታወቱን ከፍላ፣ አመስግና ወጣች።

እኔ ግን ተናደድኩ። እንዲህ ያለ ፕሮግራም የሠራውን ሰው ባገኘው ምን እንደምለው አውቃለሁ። ሐምዛ ላይ ልጮህበት ሁሉ ቃጥቶኝ ነበር፤ እሱ ምን አደረገ? አውቶቡስ ውስጥ «ምን ተሰማሽ?» አልኳት። «ምንም» አለች። እውነቷን ነው፣ ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ቤት ገብታ ልብስ እንደተኮሰች በኋላ ነገረችኝ። እኔም ማታ ላለቅስ ብዬ እንባ አጣሁ። መሞቷም መኖሯም ለማይታወቅ ሰው ምን ተብሎ ይለቀሳል?

ያለፈው ዓርብ ፌርማታ ላይ ቆመን ሳለ የባንኩ መልእክት ገባ። እማማ ሃጀር ቀኑን ከባንኩ እኩል ነው የሚያውቁት፤ ድምፃቸው ተከትሎ መጣ። «ሰኪናዬ፣ የዚህ ወሩስ መጣ?»

ሰኪና ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች። «መጥቷል እማማ።» ከዚያ ሳልጠይቃት ወደ እኔ ዞራ «አልዋሸሁም» አለችኝ።

ስልኩ እንደገና ጮኸ፤ እማማ ሃጀር ናቸው።

«አልሐምዱሊላህ። እንግዲያ ከምታሳምረው ፎቶ አንዱን ለኔም ትላክልኝ በያት ልጄ። ባታሳምረውም ግድ የለም።»

ሰኪና መልሳ ከፍታ አዳመጠችው። አውቶቡሳችን መጥቶ ሄደ።