በጎመን ቅጠል የፈተኑን የኔታ

ዛሬ ጠዋት ጣራው አፍስሶ አጎዛዬ ራሰ። የእርጥብ በግ ጠጉር ሽታ ቤቱን ሲሞላው አንቺ አፍንጫሽን ይዘሽ ወጣሽ፤ እኔ ግን እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ። ለእኔ ይህ የትምህርት ቤት ሽታ ነው። ጎባ ገና ከተማ ሳትባል፣ ከዘማች አባቶቻችን ድንኳን ጥቂቱ ብቻ ወደ ጎጆ ተለውጦ ሳለ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ጥድ ሥር አጎዛ ላይ ተኮልኩለን ፊደል እንቆጥር ነበር። ጉሙ እስከ ረፋድ አይነሳም። አጠገባችን የሚያስለው ልጅ ማን እንደሆነ እንኳ በድምፁ ነበር የምንለየው።

የተማሪዎችሽን ፈተና እያረምሽ፣ ልጅን እንደየአቅሙ ማስተማር የሚባል አዲስ ዘዴ መጥቷል ስትይኝ ዝም ያልኩት ነገሩ ስላልገባኝ አይደለም። ተከራዬ ብቻ ሳትሆኚ አስተማሪም ነሽና ልንገርሽ። አዲስ የምትዪውን እኔ በልጅነቴ አይቼዋለሁ። የእኛ ሰዎች ምን እንዳደረጉትም አይቻለሁ።

የኔታ ከጦሩ ጋር ከሰሜን የመጡ፣ ብርዱ የማይስማማቸው ቀጭን ሰው ነበሩ። አለንጋ አልነበራቸውም። ሌላው መምህር ሁሉ ልጆቹን ሰብስቦ በአንድ ድምፅ ያስጮሃል፤ እሳቸው ግን አንድ በአንድ ጠርተው ጎናቸው ያስቀምጡናል። የጎመን ቅጠል ይቀጥፉና መሐሉን በጥፍራቸው ይበሱታል። ቅጠሉን ፊደሉ ላይ ሲያስቀምጡት በቀዳዳው አንዲት ፊደል ብቻ ትታያለች። «ይቺ ማን ናት?» ይላሉ። ከላይ ጀምሮ በዜማ የሸመደደ ልጅ እዚያ ላይ ይያዛል። ግን ቁጣ የለም። «ግድ የለም፣ ነገ ትመጣለች» ብለው ቅጠሉን ለበጋቸው ይሰጡታል። የፈጠነ ይሄዳል፣ የዘገየ ይቆያል፤ ማንም በማንም አያሾፍም።

አባቴ ወንድ ልጅ ስላልነበረው እኔን ላከኝ። ከእኔ ጋር የገባራችን ልጅ ይመጣል። አባቱ የእኛን እርሻ የሚያርስ፣ ትንሽ የሚናገር ሰው ነው። መሬቱ ላይ በተነሳ ክርክር አስተርጓሚው ያላለውን አለ ብሎበት ዳኛ ፊት ተረትቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ አባቴን ደጅ ጠንቶ ልጁን አስገባ። ልጁ ፊደል እስከቆጠረ ድረስ ከጉልበት ሥራ ነፃ ነው ተባለ።

መጀመሪያ አፉን አልከፍትም ብሎ ነበር። የኔታ አላስገደዱትም። ከአጥሩ ማዶ ያለውን ገብስ አሳዩትና በእናንተ ቋንቋ ምን ትሉታላችሁ አሉት። «ገርቡ» አለ። ሦስቱን ፊደል አመድ ላይ ጻፉለት። ልጁ ጎንበስ ብሎ ብዙ አየው። ከዚያ ቀን በኋላ ማንም አልደረሰበትም፤ በጎመን ቅጠሉ ቀዳዳ የትኛዋም ፊደል ብትመጣ ያውቃታል። ዓመት ሳይሞላው የዮሐንስን መልእክት ማንበብ ጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ ቃሉን በስንደዶ እየተከተለ።

ታዲያ ሰፈሩን የሚገዛው ሹም ከጓሮው ጩኸት ስለማይሰማ ሰጋ። ልጆቹ ይተኛሉ እንጂ አይማሩም ተባለ። ለማርያም በዓል ሹማምንቱ ባሉበት እንፈተን ዘንድ ታዘዘ፤ ያላወቀ የገባር ልጅ ወደ ሥራው ይመለሳል። ከተቀመጡት ፈታኞች ፊደል የለየ አንድም አልነበረም።

መጀመሪያ የሹሙ ልጅ ቀረበ። ቤቱ ሌላ ሰው እየመጣ ያስሸመድደው ነበር። ደረቱን ነፍቶ እንደ አዋጅ ነጋሪ ለቀቀው። የኔታ መሐል ላይ ገጹን ገለጡበት፤ ልጁ ግን ያለፈውን ገጽ ሳያዛንፍ መጮሁን ቀጠለ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ «ጎሽ» አሉ። አንዱ እንባውን ጠረገ፤ እውነቴን ነው።

ቀጥሎ የገባራችን ልጅ ተጠራ። መጽሐፉ ላይ ስንደዶውን አሳርፎ በዚያ ዝግ ባለ ድምፁ ጀመረ። ያነባል፣ ያቆማል፣ አይቶ ይቀጥላል። አንዲት አልሳተም። ሹሙ ሦስተኛው መስመር ላይ እጁን አነሳ።

«ያወቀ ሰው መጽሐፍ ላይ ምን ይፈልጋል? አፉ ላይ አይደለም እንዴ ያለው?»

የኔታ ተነስተው፣ ይህ እያነበበ ነው፣ ያኛው ግን በቃል ነው ያለው ብለው ሊያስረዱ ሞከሩ። ሹሙ አልተቆጣም፤ «የኔታ፣ ጆሮ አለን» አላቸው፤ በዚያው አለቀ። ልጁ ከነገ ጀምሮ የሹሙን በቅሎዎች እንዲጠብቅ ተፈረደ። እኔን ሴት ናት ብለው አልጠሩኝም። እስከ ዛሬ ሲያበግነኝ ይኖራል።

በማግስቱ አባቱ ሊወስደው መጣ። የኔታ ከገርቡና ከጥቂት ሰላምታ በቀር ኦሮምኛ አያውቁም፤ ስለዚህ ልጁን መሐል አቁመው ተናገሩ።

«ከሁሉም የሚበልጠው ልጅህ ነው በለው። የበደሉት ፈታኞቹ ናቸው። አቤት ይበል፤ እኔም አብሬው ቆሜ እመሰክራለሁ በለው።»

ባለፈው ክረምት የልጁ አጎት በሹሙ ላይ አቤት ብሎ ጀርባው እስኪላጥ ተገርፎ፣ በሸክም ነበር ወደ ቤቱ የተመለሰው። ልጁ ቁስሉን ሲያጥብለት አይቻለሁ። አሁን አባቱን ቀና ብሎ አየና በኦሮምኛ፣ «ብዙ ደከምኩበት፣ ግን ትምህርት አልገባው አለ፣ ይዘኸው ሂድ ነው የሚሉህ» አለው።

ከገባር ልጆች ጋር ነው ያደግሁት፤ እያንዳንዷን ቃል ሰማሁ።

አባትየው የልጁን ራስ ዳበሰና «ሆማ ሚቲ» አለው፤ ምንም አይደለም ልጄ ማለቱ ነው። ወደ የኔታ ዞሮ ለልጁ ስለ ደከሙለት ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ፤ «ገለቶማ» ብሎ አመሰገናቸው። ልጁን በእጁ ይዞ ወደ ሹሙ ግቢ ቁልቁል ወረዱ።

የኔታ ጉሙ እስኪሸፍናቸው ድረስ በዓይናቸው ሸኟቸው። ፊታቸው ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ አለ።

«አየሽ ልጄ» አሉኝ፣ «አባትየው ኮራበት።»