ጉልበት የደረሰው ክትክታ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ኑሩ ከግራና ደወለልኝ። አባቱ ከሞተ ወዲህ ማሳውን የያዘው እሱ ነው። "እማዬ፣ የላይኛውን መሬት ክትክታ ዋጠው እኮ። ሰው ቀጥሬ ላስመንጥረው ነው" አለኝ። ወልድያ ገበያ መሀል የሽንኩርት ፌስታሌን እንዳንጠለጠልኩ ሳቄ መጣ። ሻጯ "ምን አገኘሽ፣ እናቴ?" አለችኝ። ምን ብዬ ልንገራት? ቁጥቋጦ ባል ሊያሳጣኝ ነበር ብላት ማን ያምነኛል።

እኛ አገር ድሮ ሴት ልጅ ከመዳሯ በፊት አባቷ ሽማግሌዎች ይዞ የልጁን መሬት ሄዶ ያያል። "ከብት ተውሶ በረት መሙላት ይቻላል፤ መሬት ግን ተውሶ የሚያሳይ የለም" ይል ነበር አባቴ። እስኪያይ ድረስም ስለ መሬቱ ለልጁ ወገን ትንፍሽ አይባልም። እኔ ደግሞ ሰይድን ከግራና ገበያ መንገድ ላይ በዓይኔ ከመረጥኩት ቆይቻለሁ። ዝምተኛ ነው፣ ሲስቅ ግን መንገዱ ሁሉ ይስቃል። ሌላ ሰው ቢያመጡብኝ መርሳ ድረስ በእግሬ እጠፋ ነበር።

ችግሩ የሰይድ ድርሻ ተዳፋት ላይ መሆኗ ነው። ክትክታ፣ ያ ቅጠሉ የሚያጣብቅ፣ ፍየል እንኳ የማይደፍረው ቁጥቋጦ፣ ከአፋፉ እየወረደ እየወረደ መሬቷን ወርሷታል። ሰዉ "የሰነፍ እርሻ" ይላታል።

አባቴ ይመር ግን ነገር ቀድሞ ማየት ይወዳል። ከሽማግሌዎቹ ተደብቆ ብቻውን ሄዶ አይቷት ኖሯል። አመሻሽ ላይ በቆሎ እየፈለፈለ ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁት። "ዙሪያው ነጭ ጠጠር ነው። ክትክታው ስር እጄን ብሰድ ግን አፈሩ ጥቁር፣ እርጥብ። ቅጠሉ ረግፎ ረግፎ መሬቷን መልሷታል። በጥቂት በጥቂቱ እየከፈተ ካረሳት ልጄን አያስርባትም።" የዚያን ለት ራቴን ሳልበላ ነው የጠገብኩት።

ሰይድ ይህን ከየት ይወቅ? እኔንም ልማዱ አፌን ይዞኛል። በመሬቱ አፍሮ፣ ወንድሞቹን ሰብስቦ፣ ክትክታውን ከነሥሩ ነቅሎ አነደደው። ጊዜው ክረምት መግቢያ ነበርና በላዩ ላይ ዝናብ ወረደበት። አባቴና ሽማግሌዎቹ ሲደርሱ ጥቁሩ አፈር በቦዩ ወርዶ አልቋል።

"አባ ይመር፣ ለአንቱ ብዬ እኮ ነው ያጸዳሁት" አለ ሰይድ።

አባቴ ጠጠሩን በከዘራው ጫር ጫር አደረገ። "ሀብትህን ነው የጠረግኸው፣ ልጄ። እኔ የመጣሁት እሱን ብዬ ነበር" አለው። ቀጥሎም ፈረደ፤ "ክትክታው ተመልሶ ጉልበቴ ሲደርስ ሽማግሌ ላክ። እስከዚያ የምሰጠው ልጅ የለኝም።"

አለቀስኩ። አባቴ ረጅም ሰው ነው፤ ጉልበቱ ሩቅ ነው። ያን ዓመት ከሐራ በኩል ሌላ ጠያቂ መጣ፣ አባቴም እሺም እምቢም ሳይል ሸኘው። ሰይድ እርከን ሲክብ፣ ዘሩን ከገደሉ እየለቀመ ሲበትን ከረመ። ክትክታ ደግሞ ሳይጠሩት ይመጣል እንጂ ሲለምኑት ይለግማል። ገበያ በወጣሁ ቁጥር አንገቴን አስግጌ ወደ ዳገቱ አያለሁ። ያው ነጭ ጠጠር ነው።

በተከታዩ ክረምት ማብቂያ፣ በቆሎው እሸት ሲሆን፣ አባቴ "ነይ ተከተይኝ" አለኝ። ወጣን። ክትክታው ቢበዛ ስንዝር ቢሆን ነው። ሰይድ እርከኑ አጠገብ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። አለቀልኝ አልኩ በሆዴ። አባቴ እኔን አየ፣ እሱን አየ፣ ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ ተንበረከከ። ከለጋው ቁጥቋጦ ስር አፈር ዘግኖ አሸተተ። ከዚያ እንደተንበረከከ ወደ ጉልበቱ አመለከተና "ይኸው ደረሰ" አለ። ሰይድ ደርቆ ቀረ። "አልሐምዱሊላህ በል እንጂ፣ ምን ይገትርሃል?" አለው አባቴ።

ሰው የሚጠላውን ነገር ጎንበስ ብሎ ካላየው ምን እንደሚሠራለት አያውቅም። ይህን ግን ለኑሩ በስልክ አልሰበክሁትም። "ሰው ከመቅጠርህ በፊት ውጣና ተንበርከክ፤ እጅህን ስሩ ስደድ" አልኩት፣ በቃ።

ትናንት መልሶ ደወለ። የዳገቱ ነፋስ በስልኩ ይሰማኛል።

"እማዬ፣ አፈሩ ጥቁር ነው።"

"አውቃለሁ፣ ልጄ" አልኩት። "ጥሎሼ እኮ ነው።"