የቁርባን ጋብቻ በሽማግሌዎች ፊት

በአንድ የካቶሊክ ባልና ሚስት የፍቺ ጉዳይ ሰብሳቢ ሽማግሌ ሆኜ የተቀመጥኩት በነቀምቴ፣ በጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ቤት ሹም በነበርኩበት ጊዜ ነው። አዲሱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከጸና ገና ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። ሕጉ የፍቺ አቤቱታ አስቀድሞ ባልና ሚስቱ በሚመርጧቸው የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች እንዲታይ፣ ውሳኔያቸውም ለፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል። ባልየው ቡና ነጋዴ ስለ ነበር የንግድ ባልንጀራውን፣ ከጎጃም መጥቶ ነቀምቴ የከረመ ኦርቶዶክሳዊ ሰው መረጠ። ሚስቲቱ ጎረቤቷን፣ በወንጌላውያን ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ ያረጁትን መምህር መረጠች። በሦስተኛው ሰው ላይ ሁለቱም መስማማት ነበረባቸውና በእኔ ተስማሙ፤ እሱ ሕጉን ስለማውቅ ነገሩን ቶሎ የምጨርስለት መስሎት፣ እሷ ደግሞ አብሬያቸው ስለማስቀድስ።

በዚያን ጊዜ በከተማው የነበርነው ካቶሊኮች ጥቂት ነበርን። ቅዳሴው በላቲን ነበር፤ ስብከቱ በኦሮምኛ ይሰጥና ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች ሲባል አልፎ አልፎ በአማርኛ ይደገማል። እነዚህ ባልና ሚስት በዚያች ቆርቆሮ በለበሰች ቤተ ክርስቲያን ቃል ሲገባቡ ቆሜ አይቻለሁ። እሱ ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው የዲጋ ሰው ነው፤ ታታሪ፣ ቁጡ፣ ለሰው ወሬ ልቡ የሚሸበር። እሷ ከደናግሉ ዘንድ ስፌት ተምራ በቤቷ ደጅ የተማሪዎች ልብስ የምትሰፋ፣ ቃል የማታበዛ ሴት ነበረች። ዓመታት አለፉ፤ ልጅ አልመጣም። እናቱ ከዲጋ በመጣች ቁጥር፣ “ስምህን ማን ይጠራልሃል?” ትለው ነበር። በመጨረሻ አቤቱታውን አስጻፈ።

ሃይማኖቴን በቢሮ የማውለበልብ ሰው አልነበርኩም። ረቡዕ ሥጋ በመብላቴ ባልደረቦቼ ግማሽ ክርስቲያን ይሉኝ ነበር፤ ስቄ አልፋለሁ። ያልሆነውን ሆነ ብዬ አለመፈረሜ ለእኔ እንደ ጾሙና እንደ ጸሎቱ ያለ የሃይማኖቴ ነገር ነበር። ይህ ሽምግልና ግን በሁለት ትእዛዛት መካከል አቆመኝ። ሕጉ ጋብቻው በቤተ ክርስቲያንም ይሁን በማዘጋጃ ቤት ይፈጸም፣ በፍቺ ጊዜ ልዩነት አያደርግም። ቤተ ክርስቲያኔ ደግሞ የታሰረው አይፈታም ትላለች። የውሳኔው ጸሐፊ እኔው ነኝ።

ከባዕድ አገር መጥተው ኦሮምኛን እንደ አገሬው የሚናገሩትን ካህናችንን ላማክር ሄድኩ። ከሽምግልናው ልውጣ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

“እግዚአብሔር ያሰረውን እኔም አንተም አንፈታም” አሉኝ። “አንተ ጥለህ ብትወጣ ግን እሷን ለማን ትተዋታለህ?”

ሌላ አልጨመሩም። አልወጣሁም።

ስብሰባችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በመምህሩ በረንዳ ላይ ነበር። ዝናብ ሲወርድ የቆርቆሮው ጩኸት አላስነጋግር ስለሚለን ነገሩን አቁመን የተጠበሰ በቆሎ እየፈለፈልን እንጠብቃለን። በዚያ ዕረፍት የጎጃሙ ነጋዴ መቀለዱን አይተውም።

“መቼም እናንተ ሁለታችሁ የሚሲዮን ናችሁ” ይላል ወደ እኔና ወደ መምህሩ እያየ። “አንዱ ሲዘምር ይውላል፣ አንዱ ሲንበረከክ። የሚጾም ግን ከእኔ በቀር እዚህ ቤት የለም።”

“አንተስ ትጾማለህ፣ ወዳጄ” ይላሉ መምህሩ። “ሚዛንህ ነው የማይጾመው።”

ነጋዴው ከሁላችን በላይ ይስቃል። ዝናቡ ሲያባራ ግን ፊቱ ይለወጣል፤ የመረጠውን ሰው ጉዳይ በቅንነት ይዞ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ስብሰባዎች በማስታረቅ አለፉ፤ አልሠመረም። ባልየው፣ “ልጅ እፈልጋለሁ፤ ሌላ ነገር የለኝም” ይላል። ሚስቲቱ፣ “ቤቴን አልለቅም” ትላለች። ሁለቱም በእሑዱ ቅዳሴ ይገኛሉ፤ እሱ በወንዶቹ ረድፍ መጨረሻ፣ እሷ በሴቶቹ በኩል። ሕዝቡ ለመቁረብ ሲነሣ ሁለቱም ከአግዳሚያቸው አይነሡም። የእሱ ምክንያት ግልጽ ነበር፤ ሚስቱን ሊፈታ የከሰሰ ሰው በዚያ ልብ አይቀርብም። የእሷ አልገባኝም። ቀድሞ እሑድን ሳትቆርብ የማታሳልፍ ሴት ነበረችና።

ይህንን ያየሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም። ከገና በኋላ በነበረው ስብሰባ ባልየው እናቱ ያቀበለችውን ነገር ይዞ መጣ።

“ጌቶቼ፣ እስከ ዛሬ አፍሬ ዝም ብዬ ነበር” አለ። “እኔ የማልቆርበው ክስ ስላለኝ ነው። እሷስ? ማን ከሰሳት? ንጽሕት ብትሆን ቅዱስ ቁርባንን ትተው ነበር? ኃጢአት አለባት። ሌላ ወንድ አለ።”

የቃሉን ክብደት ከሁሉ ይልቅ የማውቀው እኔ ነበርኩ። በምንዝር የተፈረደባት ሚስት በላቧ ካፈራችው ንብረት ድርሻዋን ልታጣ ትችላለች። በነቀምቴም በዲጋም አንገቷን ቀና አድርጋ አትሄድም። ነጋዴው እንኳ ቀና ብሎ ባልየውን አላየውም።

“ይህን በሕግ ፊት የምትለው ነው ወይስ በንዴት?” አልኩት።

“በሕግ ፊት ነው። ይጻፍልኝ።”

ጻፍኩት። ከዚያም ወደ ሚስቲቱ ዞሬ መልሷን ጠየቅሁ። ዝም አለች። ደግሜ ጠየቅሁ። የነጠላዋን ጫፍ እያየች ዝም አለች። ሌላ ሽማግሌ ቢሆን ይህን ዝምታ እንደ ማመን ይቆጥረው ነበር፤ የጎጃሙ ሰው መተከዝ መጀመሩን አየሁ።

መምህሩ ወንበራቸውን ወደ እሷ አስጠጉ። “ዱበዹ፣ ኢንተላ ኮ፤ ተናገሪ ልጄ” አሉ። “በአፋችን ተናገሪው፤ እኔ አደርስልሻለሁ።”

በኦሮምኛ ተናገረች፤ ዝግ ብላ፣ ባሏን ሳታይ። እኔም ቋንቋውን አውቃለሁ፤ ግን ለነጋዴው ሲባል መምህሩ ቃል በቃል መለሱት፦

“እሱ አቤቱታውን ካቀረበ በኋላ መቁረብ ተወ። እኔ በየእሑዱ ብነሣ እሱ አግዳሚው ላይ ብቻውን ይቀራል። ሕዝቡ ሁሉ ያየዋል፤ ጣት ይቀሰርበታል። ባሌ ነው። ብቻውን ከሚታይ ሁለታችን እንታይ አልኩ። ሌላ ምክንያት የለኝም።”

ባልየው ከተቀመጠበት ተነሣ። ይቅርታ የሚጠይቅ መስሎኝ ነበር፤ አልጠየቀም። ፊቱ በቁጣ ቀላ።

“ማን አዘዘሽ? እኔ ለምኜሻለሁ?”

“ማንም አላዘዘኝም።”

“ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?”

“መቼ ጠየቅኸኝ?” አለች፤ በዚህ ጊዜ በአማርኛ፣ ቀጥ ብላ እያየችው።

ሳይሰናበተን ከበረንዳው ወርዶ ሄደ። ነጋዴው ወደ እኔ ዞረ።

“አንተ ጸሐፊ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የእነዚህ ሰዎች ጋብቻ በሰማንያ ነው ወይስ በቁርባን?”

“እኛ ዘንድ ሰማንያ የለም። በመንበሩ ፊት ቃል ገብተው፣ አብረው ቆርበው ነው የተጋቡት።”

“እንዲህ ከሆነ ለምን ቀድመህ አልነገርኸኝም?” አለ፤ በእርግጥም ተቆጥቶ ነበር። “እኔ የሚሲዮን ጋብቻ እንደ ውል ይፈርሳል ብዬ ነው የተቀመጥኩት። በእኛ አገር አብሮ የቆረበን ባልና ሚስት ቄስም ሽማግሌም አይለይም። እጄን አላስገባበትም። ወዳጄ ቢሆንም ሌላ ሽማግሌ ይፈልግ።”

“ሕጉ ልዩነት አያደርግም” አልኩት፤ ግዴታዬ ነበርና።

“ሕጉን አንተ ያዘው። እኔ እግዚአብሔርን የምፈራ ሰው ነኝ።”

መምህሩም፣ “እኛ ዘንድ ደግሞ የወንጌሉ ቃል አለ” ብለው ጀመሩና ነገሩ እዚያው ማለቁን አይተው ተዉት።

እንዲህ ሆኖ፣ ሦስት ቤተ ክርስቲያን የምንሳለም ሦስት ሰዎች ጋብቻውን ባለመፍታት ተስማማን። ያም ግን ለእሷ መዳኛ አልነበረም። ባልየው ሌሎች ሽማግሌዎች ሊያስመርጥ ይችላል፤ የምንዝሩ ቃልም በእጄ ጽሑፍ መዝገቡ ውስጥ ተቀምጧል። ለወራት አልመጣም። ሚስቲቱ ስፌቷን አላቋረጠችም፤ ለልጄ የትምህርት ቤት ልብስ ልታስለካ የሄደችው ባለቤቴ፣ ስለ ጉዳዩ አንዲት ቃል እንዳልተነፈሰችላት ነገረችኝ። እኔም በቅዳሴ ጊዜ ወደ ኋላ መዞር ተውኩ። ዳኛቸው ሆኜ ሳለሁ በጸሎታቸው ጊዜ ልመለከታቸው አይገባኝም አልኩ።

ባልየው ከፋሲካ በኋላ በአንድ ማለዳ፣ ባለጉዳይ ገና ሳይሰለፍ ወደ ቢሮዬ መጣ። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ነበር።

“ወረቀቱ ይነሣልኝ” አለ። “ይጻፉልኝ ጌታዬ።”

“ምን ብዬ?”

“ታርቀናል ብለው።”

“ታርቃችኋል?”

“ገና ነው። ትናንት አንድ ገበታ ቀርበን በላን። ስለ ነገሩ ግን አልተነጋገርንም።”

“እንግዲያው ታርቀናል ብዬ አልጽፍም።”

“ኧረ ጌታዬ! ማን ያውቅብናል?”

“አንተ ታውቃለህ፤ እኔም አውቃለሁ። አቤቱታውን በገዛ ፈቃዱ አንሥቷል ብዬ ብጽፍስ?”

“እሱ እውነት ነው።”

“በሚስትህ ላይ ያስጻፍከውስ?”

እጁ ባርኔጣውን ጨበጠ። “አላየሁም፤ አልሰማሁም፤ የእናቴን አፍ ተከትዬ ነው። እሱን ግን እዚህ ቢሮ ውስጥ አይደለም የምለው። በረንዳው ላይ፣ እሷ ባለችበት፣ በሰዎቹ ፊት እላለሁ። ያን ጊዜ ይጻፉት።”

በተከታዩ ቅዳሜ ቆሞ ተናገረው። ሚስቲቱ ተቀምጣ ሰማችው፤ ሲጨርስ፣ “ሰምቻለሁ” አለች፤ ከዚያ በላይ አልሰጠችውም። ነገሩ ፍቺ ስላልሆነ ነጋዴውም መጥቶ ነበርና ሦስታችን ፈረምን። ሲወርዱ ደረጃው በዝናብ ረጥቦ ስለ ነበር ባልየው እጁን ዘረጋላት፤ በግድግዳው ተደግፋ ብቻዋን ወረደች፤ ከታች ግን ቆማ ጠበቀችው።

ልጅ አልወለዱም። ቤታቸው ደስታ የሞላበት ነበር ብዬም ልመሰክር አልችልም፤ አላውቅምና። የማውቀው ቃለ ጉባኤውን በራሴ እጅ ለፍርድ ቤት ማስረከቤንና የተሰጠውን ትእዛዝ ነው። የአውራጃው ፍርድ ቤት አቤቱታው በአመልካቹ ፈቃድ ስለ ተነሣ ጋብቻው ጸንቶ እንዲቀጥል፣ በሚስቲቱ ላይ የቀረበውም ቃል ማስረጃ የሌለው ሆኖ እንዲሰረዝ አዝዞ መዝገቡን የዘጋው ግንቦት 22 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው።