አባቴ ዜና ያልሰማበት የመስቀል ሰሞን

መስቀል ሲቃረብ ሆሳዕና ውስጥ ቀለም ያልተቀባ ግድግዳ ይታማል። ዓመቱን ሙሉ ጣሪያው ሲያፈስ ዝም ያለ ሰው መስከረም ሲጠባ የቀለም ባልዲ ይዞ ይሮጣል። እንግዳ የሚመጣው ሊበላ እንጂ ግድግዳ ሊመረምር አይደለም ብዬ ስንት ጊዜ ተከራክሬያለሁ። አንድም ቀን አላሸነፍኩም። ባለፈው መስከረም ታላቅ እህቴ ከሾኔ መጥታ እኔና አባቴ የምንኖርበትን ቤት ሳሎን ገለባበጠችው።

ሳሎኑ ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ አባቴ የሚፈልገው አንዱን ብቻ ነው። አሮጌ አምፕሊፋየር ነው፤ ሬዲዮ አብሮት የተሠራ፣ ጥቁርና ከባድ፣ ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች ያሉት። ሳጥኑ ላይ «ሪሲቨር» ተብሎ ተጽፏል፤ እዚህ ግን ሪሲቨር ሲባል የዲሹ ስለሆነ ሁላችንም አምፕ እንለዋለን። የአባቴ ጆሮ ከደከመ ቆይቷል። የስልክ ድምፅ ለእሱ ጣሳ ውስጥ የገባ ዝንብ ነው። ቴሌቪዥን ላይ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ያያል እንጂ የሚለውን አይለይም። የቀኙን ስፒከር ከወንበሩ አጠገብ አቁሜ ወፍራሙን ድምፅ ቀንሼ ቀጭኑን ስጨምርለት ግን ቃል ከቃል ይለያል። ጠዋት የአማርኛ ዜና፣ ከሰዓት በኋላ በሀዲይሳ የሚተላለፈውን ፕሮግራም ይሰማል። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ከሰማው ነገር ጋር ይጣላል። ሚኒስትር ይገሥጻል፣ ስለ ማዳበሪያ የተባለውን ያስተባብላል፣ የአየር ትንበያውን ውሸታም ይላል። በሕይወት ያቆየው ያ ጠብ ይመስለኛል።

ቀለሙ ደርቆ ዕቃው ወደ ቦታው ሲመለስ አባቴ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እንደ ልማዱ ጣቱን አነሳልኝ፤ ክፈት ማለቱ ነው። ከፈትኩ። አምፑ በራ፣ ጥቂት እንደ ማሰብ አለ፣ ጠቅ ብሎ ዝም አለ። ፊቱ ላይ «ፕሮቴክት» የሚል ቀይ ጽሑፍ ብልጭ ድርግም ይላል። አጥፍቼ አበራሁት። ጠቅ፣ ዝም።

«ዛሬ ዜና የለም?» አለ አባቴ።

«ተበላሽቷል!» ብዬ ጆሮው ሥር ጮኽኩ።

ራሱን ነቀነቀና ጋቢውን ይዞ ደጅ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሎው ደጅ ሆነ። ከማንም ጋር መጣላት አቆመ። ይህ ነው ያስፈራኝ።

በዚያው ሰሞን የቱታ ማኅበርተኞቻችን እኛ ቤት ነበር የሚሰበሰቡት። ቱታ ማለት ለመስቀል አንድ በሬ በጋራ ገዝተው የሚያርዱ ጎረቤታሞች ናቸው። በሥጋው በኩል ቅሬታ የለኝም፤ ምላስና ጉበት ሳይቀር በእኩል ሲከፋፈሉ ያየ ሰው ስለ ፍትሕ ተስፋ አይቆርጥም። ችግሩ ሸንጎው የበሬውን ጉዳይ ሲጨርስ ወደ ሌላው ነገር ሁሉ መዞሩ ነው።

«ይሄ የመብራት ሥራ ነው» አለ አንዱ ገና ሳይቀመጥ። «ሄዶ ሲመጣ ከፍ ብሎ ነው የሚመጣው። አቃጥሎታል።»

«ከተቃጠለ እንዴት ይበራል?» አልኩት።

«ከላይ ነው የሚበራው። ውስጡ ሞቷል።»

ጡረታ የወጡ ሹፌር ጎረቤታችን አልተስማሙም። «አልሞተም። አስቸጋሪዋ ያቺ ጠቅ የምትለዋ ናት። ክፈተውና እሷን በሽቦ ቀጥታ አገናኛት። እኔ ቤት ፊውዝ የሚባል ነገር የለም፤ ሽቦ ነው የምጠመዝዝበት። ይኸው ተመስገን፣ እስከ ዛሬ አልተቃጠልንም።»

«ጋሼ፣ ለእርስዎ ቤት ሚስትዎ ይጸልያሉ። ለአምፑ ማን ይጸልይለታል?»

«አንተን የጎዳህ ማንበብ ነው» አሉኝ፤ ሁሉም ሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። ዕቃው እኮ በዚያ ቀይ ጽሑፍ እየነገረን ነበር። አንድ ቦታ ሁለት ገመድ ተነካክቷል፣ ሾርት አለ፣ በግድ ብትከፍቱኝ እቃጠላለሁ እያለ ነው ራሱን የሚያጠፋው። እኛ ግን ራሱን ከእሳት የሚጠብቀውን ግትር እንለዋለን፤ ዝም ብሎ የሚቃጠለውን ጨዋ። ስለ ዕቃ ብቻ የማወራ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል።

እህቴ የራሷ መድኃኒት ነበራት። ደቡብ አፍሪካ ያለው ታናሽ ወንድማችን የላካትን ትንሽ የብሉቱዝ ስፒከር አምጥታ አባቴ እጅ ላይ ከፍታ አስቀመጠችለት። አባቴ እንደ ስልክ ጆሮው ላይ ለጠፋትና «ሃሎ፣ ማነው?» አለ።

«አየህ» አለችኝ፤ «አባባ እንደሆነ አይሰማ፤ ምን ለውጥ አለው? ባይሆን ይሄን የሬሳ ሣጥን ከሳሎን አውጣው። እንግዳ ይመጣል።»

አባቴ መሐላችን ተቀምጦ ነበር። ጆሮው ስለደከመ ሰው፣ ራሱ በተቀመጠበት፣ እንደ ቁም ሣጥን ማውራት እኛ ቤት መቼ እንደተጀመረ አላውቅም። የዚያን ቀን ግን እንዲበቃ ፈለግሁ።

አባቴ ተመልሶ ደጅ ሲወጣ ካቻቢቴና ፒንሳ ይዤ አምፑ ጀርባ ተንበረከክሁ። ከሶኬት ነቅዬ የሁለቱንም ስፒከሮች ገመድ አወጣሁና ባዶውን መልሼ ሰክቼ ከፈትኩት። ጠቅ ብሎ በርቶ ቀረ፤ ቀዩ ጽሑፍ ጠፋ። ሞቷል የተባለው ሳጥን ከአስከሬን መርማሪዎቹ ሁሉ ጤነኛ ነበር። አጥፍቼ የግራውን ስፒከር ብቻ መለስኩ፤ ጮኸ። አጥፍቼ የቀኙን ጨመርኩ፤ ጠቅ፣ ዝም። የቀኙን ስፒከር አንሥቼ ከግራው ገመድ ጋር ሳገናኘው ደግሞ ሠራ። እንግዲህ ስፒከሩም ደህና ነው። የቀረው የቀኙ ገመድ ነው፤ የግራው ደግሞ እስከ አባቴ ወንበር አይደርስም።

ገመዱ ግን አይታይም። እህቴ በእንግዳ ፊት የተንጠለጠለ ገመድ ስለማትወድ ቀቢው ግድግዳውን ፈልፍሎ ቀብሮታል፤ በስቱኮ ደፍኖ ክሬም ቀለም ቀብቶበታል። ከአምፑ እስከ አባቴ ወንበር መንገዱን በዓይኔ ስከተል መሐል ላይ የወንድማችን ፎቶ አለ። ትልቅ ፍሬም ነው፤ ከቀለሙ በኋላ የተሰቀለ። ምስማሩን የመታችው እህቴ ራሷ ናት።

«እትዬ፣ ፎቶው ይውረድ። ምስማሩ ገመዱን ወግቶታል።»

«እንዳትነካው!» ሮጣ መጥታ ፊቴ ቆመች። «የሰው ፎቶ በደህና ቀን ከግድግዳ አይወርድም።»

እኛ ሰፈር የሰው ፎቶ የሚወርደው ለለቅሶ ነው። ድንኳን ሲተከል ወርዶ ለቀስተኛው ፊት ጠረጴዛ ላይ ይቆማል። ከዚህ ግድግዳ ለመጨረሻ ጊዜ የወረደው የእናታችን ነበር፤ ያወረደችውም እህቴ ናት። ይህን አውቃለሁ። አውቄም ተናደድኩ።

«ምስማር ነው የምነቅለው፤ ነፍስ አይደለም።»

«ልጁ ሰው አገር ነው ያለው! ሱቅ ውስጥ ሆኖ ማን እንደሚገባበት አያውቅም። አንተ ለሬዲዮ ብለህ...»

«ለሬዲዮ አይደለም፣ ለአባባ ነው!»

«በዓሉ ይለፍ። ልጁ ይደውል፣ ድምፁን እንስማ፣ ከዚያ...»

«አንቺ ድምፁን ትሰሚያለሽ። አባባ በዚህ ሰሞን የማንን ድምፅ ሰማ?»

ጩኸታችን ደጅ ድረስ ተሰምቶ መሆን አለበት፤ ለአባቴ ግን አይደለም። እሱ የገባው ጋቢው አልበቃ ብሎት፣ ብርዱን ሸሽቶ ነው። ፒንሳውን አየ፣ እህቴን አየ፣ «ምንድን ነው?» አለ። እሷ ምንም እንዳልል በዓይኗ ለመነችኝ። ጆሮው ሥር ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት፤ ምስማሩን፣ ገመዱን፣ የእሷን ፍርሃት። ፎቶውን አንጋጦ ጥቂት አየው። ከዚያ ተራምዶ ፍሬሙን በሁለት እጁ ከምስማሩ አነሳው።

«አባባ!» ብላ ጮኸች እህቴ። አልሰማትም።

ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ልጁን ጭኑ ላይ አቆመው፤ ፊቱ ወደ እኛ። «ታቅፌዋለሁ እንጂ አላወረድኩትም» አለ በሀዲይሳ። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ «ንቀለው» አለኝ።

ምስማሩ ሲወጣ ስቱኮው አብሮ ረገፈ። ሁለቱም የገመዱ መስመሮች ተልጠው መዳባቸው ያብለጨልጫል፤ ምስማሩ በመሐላቸው አልፎ አንድ አድርጓቸው ኖሯል። የተጎዳውን ቆርጬ መስመሮቹን ለየብቻ ቀጠልኩና እያንዳንዱን ለብቻው በናስትሮ ጠቀለልኩ። አዲሱ ግድግዳ ላይ የክንድ ያህል ቁስል ቀረ። እስካሁን አልተደፈነም። የመስቀል እንግዶች ሁሉ ምን ነካው ብለው ጠየቁኝ።

ከፈትኩት። ጠቅ አለ። በርቶ ቀረ። የሀዲይሳው ፕሮግራም መሐሉ ላይ ደርሷል። አባቴ ወደ ስፒከሩ ዘመም ብሎ አዳመጠ፤ ግንባሩ መኮሳተር ሲጀምር ትከሻዬ ቀለለኝ።

«ይሄ አንባቢ ከየት ነው የመጣው? ቋንቋውን ገደለው እኮ!»

እህቴ ጭኑ ላይ ካለው ፍሬም የስቱኮ አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ልትጠርግ ጎንበስ አለች።

«ዝም በይ፣ ልስማበት» አላት።

ምንም አልተናገረችም ነበር።