ገበያ ያላየው ጠገራ

ትርንጎ የሻው ይህን ያጫወተችኝ ወንድሟም የአጎቷ ልጅም ካረፉ በኋላ ነው። እነሱ በሕይወት ሳሉ አንዲት ቃል አልወጣትም። ጎንደር ውስጥ ከእናቴ ቤት ጎን አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ጥጥ እየፈተለች ትኖር ነበር።

የተወለደችው ወገራ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ባለ መንደር ነው። አባቷ የሻው ጥሊያን ሲገባ ጫካ ገባ። ቆስሎ ገደል ሥር ባለ ዋሻ ተኝቶ ሳለ ደረሱበትና በገበያ ቀን ሰቀሉት። ትርንጎ ያኔ ውኃ የምትቀዳ ልጅ ነበረች፤ ወንድሟ ክንዱ ገና ጡት አልጣለም። እናታቸው በዚያው ክረምት ተከተለች። ሁለቱንም ወስዶ ያሳደጋቸው የእናታቸው ወንድም ሰጠኝ ነው።

ሰጠኝ ዝምተኛ ሰው ነበር። ክንዱን ከገዛ ልጁ ከዳኛው ሳይለይ፣ በአንድ ገበታ አብልቶ፣ በአንድ ቡልኮ አስተኝቶ አሳደገው። ሁለቱ ልጆች ሲጎረምሱ በሬ አቀናጅተው የሚያርሱ፣ አንዱ ሲታመም ሌላው እህል የማይቀምስ ሆኑ። ትርንጎንም በወጉ ዳራት። ባሏ ለሰሊጥ አጨዳ ሳንጃ ወርዶ በወባ ሲሞትባት፣ ሬሳውን ያስመጣላት እሱ ነው።

በአርባ አምስት ዓመተ ምሕረት ሰጠኝ አልጋ ያዘ። እንደማይተርፍ ሲያውቅ ትርንጎንና ክንዱን አስጠርቶ፣ ከአልጋው ሥር የፍየል ቆዳ ከረጢት አስወጣ።

«ይህ የእናንተ ነው» አላቸው። «ከአያቴ የወረስሁት ጠገራ ነው። ትርንጎ፣ ጎንደር ይዘሽ ውረጂና ምን እንደሚያወጣ ሰው ጠይቂ።»

«ለዳኛውስ?» አለ ክንዱ።

«ለዳኛው መሬቱ ይበቃዋል።» ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አርባው ከወጣ በኋላ ትርንጎ ከረጢቱን በወገቧ ታጥቃ፣ ከደባርቅ በሚመጣ የጭነት ማኪና ላይ ተሳፍራ ጎንደር ወረደች። መንግሥት ጠገራውን በወረቀት ብር ከተካው ቆይቷል፤ ሆኖም አዲስ ዓለም፣ እስላሞቹ ሰፈር፣ አሮጌ ብር እየገዛ ለአንጥረኞች የሚሸጥ አያ ያሕያ የሚባል ነጋዴ ነበር። ከጥሊያን በፊት ጀምሮ በዚሁ ሥራ የቆየ፣ ዓይኑን ሞራ የጀመረው ሽማግሌ ነው።

ያሕያ ጠገራውን ሁሉ በሰሌን ላይ ዘረገፈው። አንዱን አንሥቶ ድንጋይ ላይ ጣለና ድምፁን አዳመጠ።

«ይህ እርሳስ ነው፤ ጣይው» አላት። ሌላውን በአውራ ጣቱ አሸው። «አንበሳ ያለበት የምኒልክ ብር ነው፤ ሸጋ። እነዚህ ደግሞ ያች የፈረንጅ ሴትዮ ያለችባቸው አሮጌዎቹ ናቸው። ይኸው፣ አንዱ ተበስቷል፤ ባላገር አንገቱ ላይ ያስረው ነበር። የተበሳ ዋጋው ይወርዳል።»

አሮጌዎቹን በአንድ በኩል አስቀመጠ። ጥቂት ናቸው። የቀረውን ክምር ግን ወደ ራሱ ሳበው። እያንዳንዱን ገለበጠ፣ የጠርዙን ጽሑፍ በጥፍሩ ዳሰሰ፣ ወደ ብርሃን አቀረበ።

«እነዚህን ማነው የአያቱ ናቸው ያለሽ?»

«አጎቴ። ምነው አያ ያሕያ፣ እርሳስ ናቸው?»

«ንጹሕ ብር ናቸው። ግን የአያት አይደሉም፤ አዲስ ናቸው።»

ትርንጎ ማንበብ ባትችልም ሁሉም ላይ ያለው ቁጥር አንድ ዓይነት መሆኑን አይታ ነበር። ይህንኑ ነገረችው።

«የዓመቱ ቁጥር ሁሌም አንድ ነው፤ ዛሬ ቢመቱትም የድሮውን ነው የሚያሳርፉበት» አላት። «አንቺ የሴትዮዋን ደረት እይ። አሮጌው ላይ ያለው ጌጥ ሟሽሿል፤ በስንት ሰው እጅ አልፏል፣ ቅቤና ላብ ጠጥቷል። በዚህኛው ላይ የጌጡ ፍሬ እንኳ ይቆጠራል። ገበያ አላየም። ጥሊያን ሮማ ላይ አስመትቶ በሣጥን ያመጣው ነው። ባላገሩ የእነሱን ሊሬ አልቀበል ሲል፣ ለባንዳ ደመወዝ የሚከፍሉት በዚህ ነበር። ለባንዳና…» አቆመ።

«ለማን?»

«መንገድ ለሚመራ። ሰው ለሚያሳይ።» ያሕያ ጠገራውን ከእጁ አስቀመጠ። «ልጄ፣ አጎትሽ እንዲህ አደረገ አልልሽም። ሰው በብዙ መንገድ ብር ያገኛል። ግን ነግዶ ያገኘው ቢሆን ከአሮጌው ጋር ተቀላቅሎ፣ ተፋትጎ ይመጣ ነበር። ይህ ከሣጥን ወጥቶ በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው የተሰጠ ነው።»

ትርንጎ ያኔ ያሰበችውን ስትነግረኝ እንዝርቷን አቆመች። ዋሻውን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። እናቷ ታበስላለች፤ ሰጠኝ ስንቁን ያደርሳል።

ጠገራውን ሰብስባ ተመለሰች። ቤቷ ሳትደርስ የሰጠኝ ሚስት ዘንድ ሄደች። እማሆይ ወለተሩፋኤል ባላቸው እንደሞተ መንኩሰው ቤተ ክርስቲያኑ ሥር ጎጆ ቀልሰው ነበር። ትርንጎ አንዱን አዲስ ጠገራ ከፊታቸው አኖረች።

መነኩሲቷ አላነሡትም።

«ጥሊያኖቹ ዳኛውን ወስደውት ነበር» አሏት። «ሕፃን ነበር። ወይ የሻውን ወይ ልጅህን አሉት። ልጁን ሲመልሱለት ይህንንም አሸከሙት። ‹አልፈልግም› ቢል እዚያው ይገድሉታል። አንዲት ጨው እንኳ አልገዛበትም፣ ልጄ።»

«ዳኛው ያውቃል?»

«ምን አውቆ። አንቺ ብትነግሪው ነው የሚያውቅ።»

ክንዱ ያደገው የአባቱን ደም እንደሚመልስ እየማለ ነው፤ አሳልፎ የሰጠው ማን እንደሆነ በየለቅሶ ቤቱ ይጠይቅ ነበር። ሰጠኝ ሞቷል። ደም የሚፈለግበት ወንድ በዚያ ቤት የቀረው ዳኛው ብቻ ነው። ክንዱ ዳኛውን ይገድላል፣ ወይም ሳይገድለው አብዶ ይቀራል፤ ትርንጎ ሌላ ሦስተኛ ነገር አልታያትም።

በማግስቱ ክንዱ ሲመጣ «እርሳስ ነው አሉኝ፤ ጣልሁት» አለችው።

«ሁሉም እታለም?»

«ሁሉም።»

አላመናት ይሆናል፤ ግን ወደ እርሻው ተመለሰ። እሷ ለቀጣዩ ገበያ ጎንደር ወርዳ ሁሉንም ለያሕያ ሸጠች። የተቀበለችውን ብር ቤቷ ማስገባት አልቻለችም። ለአባቷ ተዝካር እንዳታውለው፣ በዚያ ብር የሚወጣ ተዝካር ምን ዓይነት ተዝካር ነው? ከቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን እየዞረች፣ ደጅ ላይ ለተቀመጡት ነዳያንና ቆማጦች አከፋፍላ ጨረሰችው። ስታድል ግን ቢያዝን የሚባል የመንደሯ ሰው አያት፤ ወሬውም ከእሷ ቀድሞ ወገራ ደረሰ።

ክንዱ ለሽማግሌ ከሰሳት። ሽማግሌዎቹ «እርሳስ ነበር ብለሽ በታቦት ማይና ነጻ ውጪ» አሏት። አልማለችም። ታዲያ ብሩ የት ገባ፣ ለምንስ ዋሸሽ ቢሏት መልስ አልሰጠችም። ስለዚህ ከአባቷ መሬት ያላትን ድርሻ ለወንድሟ እንድትለቅ ተፈረደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ክንዱ እታለም ብሎ አልጠራትም። የግድ ስሟን መጥራት ሲኖርበት «ያች ትርንጎ» ይል ነበር።

መሬት ስታጣ መንደሩን ለቃ ጎንደር ገባች። የክንዱን ልጆች ክርስትና ያነሣው ዳኛው ነው፤ እሷ አልተጠራችም።

በየዓመቱ መኸር ሲገባ ገብስ በአህያ ጭኖ የሚያመጣላት ዳኛው ነበር። እኔም አውቀዋለሁ፤ ሳቂታ፣ ረጅም ሰው ነበር። አንድ ጊዜ ጆንያውን አውርዶ ደጃፏ ላይ አረፍ ሲል ጠየቃት።

«ያን ጊዜ ብሩን ለነዳያን የሰጠሽው ስለ ማን ነው?»

«ስለ አባቴ ነፍስ» አለችው።

«ታዲያ ይህንኑ ለክንዱ ብትነግሪው ምን ነበረበት? እሱም እኮ አባቱ ነው።»

ትርንጎ ገብሱን ልትገለብጥ ወደ ውስጥ ገባች።